ልምምድና ጎረቤት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ እሱ ራሱ ገና ከእንቁላሉ አልወጣም። ሒሳብ ለከበደው ተማሪ ይነገራል፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለወደቀ ጎልማሳ ይነገራል፤ ሽሮዋ ለጓጎለባት ሙሽራ ይነገራል። እኔ ግን ከዚህ ተረት ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ለመሆኑ እንቁላሉ ምን ሠራ? ተኛ። በቃ። 21 ቀን ሙሉ ከላዩ ሳትለይ፣ ጥሬዋን እንኳ እየተጣደፈች ለቅማ እየተመለሰች፣ የቀረባትን ሁሉ በመንቁሯ እየወጋች ያሞቀችው ዶሮ ናት። ጫጩቱ በእግሩ ቆሞ ሲራመድ ጊዜ ሙገሳው ለእንቁላሉ ሆነ። ዶሮዋ በተረቱ ውስጥ ስሟም አልተነሣ።

ስለ ልምምድ የሚነገረው ነገር ሁሉ እንደዚሁ የእንቁላሉ ወገን ነው። «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ»፣ «አታቋርጥ»፣ «ጽና»። እውነት ነው፣ እኔም አልክድም፤ በየቀኑ የሚነካካ ሰው በወር አንዴ ከሚታገለው እንደሚበልጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። የሚዘነጋው ግን ልምምድ ድምፅ ያለው መሆኑ ነው። ድምፅ ባይኖረው ሽታ አለው፤ ሽታ ባይኖረው ጭስ አለው። ይህ ሁሉ ደግሞ ሄዶ የሚያርፍበት ጆሮና አፍንጫ አለ። ከእያንዳንዱ ባለሙያ ጀርባ፣ ያ ባለሙያ ጀማሪ ሳለ የቻለው ቤተሰብ፣ ካልሆነም ጎረቤት አይጠፋም። ተሰጥኦ የምንለው ነገር ግማሹ የእነሱ ትዕግሥት ነው ባይ ነኝ። ግማሹ ያልኩትም ለባለሙያዎቹ አዝኜ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎካችን አራት ፎቅ አለው፤ ግድግዳው የተሠራው ሰው ከሰው እንዲተዋወቅ ይመስለኛል። ከላይ ያስነጠሰውን «ይማርህ» የሚለው ከታች ያለው ነው። እዚህ ደግሞ የማይለማመድ ሰው የለም። ከእኔ በላይ ያለው ወጣት ብረት ያነሣል። ማንሣቱስ ባልከፋ፤ የሚያስቸግረው ማስቀመጡ ነው። ደግነቱ ልጁ ወቅት አለው፤ በእንቁጣጣሽ ይጀምርና ለመስቀል ያቆማል። 16 ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ የበር መደገፊያ ይሆናል፣ የእኔም ጣራ እስከሚቀጥለው መስከረም ያርፋል። ከጎኔ ያሉት ጡረተኛ መምህር ልጃቸው ከካናዳ የላከላቸውን ስልክ እየተማሩ ናቸው። የድምፅ መልእክት መክፈት ችለዋል፤ ድምፁን መቀነስ ግን ገና ናቸው። ስለዚህ የልጃቸው የቤት ኪራይ በዶላር ስንት እንደሆነ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል፤ አንዳንዶቻችንም ተወደደበት ብለን እናዝናለን።

ፊት ለፊቴ አዲስ ተጋቢዎች አሉ። ሙሽሪት የዶሮ ወጥ ልምምድ ላይ ነበረች። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት እንደሚቁላላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዓይንን ሳይነቅሉ ማማሰል፣ ያዝ ሲያደርግ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ደግሞ ማማሰል ነው። ሙሽሪት ግን ልክ ያዝ ሲያደርግ ስልክ ይደወልላት ነበር። የስንት ቅዳሜ ሽንኩርት እንዳረረ፣ ሽታውንም ይዘን ሰኞ ቢሮ እንደገባን የምናውቀው እኛ ነን። አንድ ባልደረባዬ «አንተ ቤት ድግስ አያልቅም» ብሎ ቀንቶብኛል። አሁን ወጧ አገር የሚያወራለት ሆኗል። ባለፈው ፋሲካ ጠርታን ቀመስነው፤ ጉድ ነው። የመጡት ዘመዶች በሙሉ ጣታቸውን እየላሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በእናቷ ወጥታ ነው!» እኛ በጭስ የታጠንነው ጥግ ጥጋችንን ይዘን ዝም አልን።

ክራር መማር ያማረኝ በዚህ መካከል ነው። አስናቀች ወርቁና ካሣ ተሰማ ክራር ይዘው የተቀመጡባቸውን ዘፈኖች እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ በእነዚያ በጣት በሚቆጠሩ ክሮች ያን ሁሉ ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት ሁሌ ይገርመኛል። ክሩ ስድስት ነው። ለአንዱ ክር አንድ ወር ብንመድብ ብዬ ሒሳብ ሠርቼ ነበር።

ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለማመደው መግዛትን ነው። ክራር ገዛሁ። ለክራሩ ቦርሳ ገዛሁ። ለቦርሳው መስቀያ ገዛሁ። ድምፅ የሚለካ መቃኛ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ክር አልነካሁም፤ ግን ሥራ የዋልኩ ያህል ይደክመኝ ነበር። መምህሬ ይህን ሁሉ ዕቃ አየና አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከምትቀጠቅጠው፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ንካው።»

20 ደቂቃ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ክራር ግን ከመነካቱ በፊት መቃኘት አለበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የየራሳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ማድረግ ነው። በድሮ ጊዜ ክሩ ጅማት ነበር፤ የዛሬው አብዛኛውን ጊዜ ናይሎን ነው፤ አዲስ ናይሎን ደግሞ ይለጠጣል። አንደኛውን አጥብቀህ፣ ሁለተኛውን አስተካክለህ፣ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ አንደኛው ወርዶ ይጠብቅሃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 20 ደቂቃዋ የምታልቀው በመቃኘት ነበር። ቃኝቼ ስጨርስ ሰዓቱ ይሞላል፤ ክራሩን ቦርሳው ውስጥ እመልሳለሁ፤ በማግስቱ ስከፍተው ቅኝቱ የለም። ከታች ላለ ጆሮ ይህ ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ድምፅ። ትንሽ ከፍ ያለ ያው ድምፅ። ትንሽ ዝቅ ያለ ያው ድምፅ። ዜማ የለው፣ ማብቂያ የለው።

ከታች ያለው ጆሮ የእማማ ነው። እማማ ሁለተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእኔ ሥር ይኖራሉ፤ ብሎኩ በሙሉ የሚጠራቸው «እማማ» ብሎ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው። ሰው ሲያስቸግራቸው አይቆጡም፤ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ላይ አገኙኝና፣

«ልጄ፣ ቧንቧህ ያፈሳል እንዴ? ማታ ማታ ጠብ፣ ጠብ ሲል እሰማለሁ» አሉኝ።

«ክራር ነው እማማ። እየተማርኩ ነው።»

«ክራር!» አሉና መደገፊያውን ይዘው ቆሙ። «እኔ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ልልክልህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስምምነት አደረግን። የሁለት ሰዓት ዜና ከመጀመሩ በፊት መጨረስ አለብኝ፤ ዜና ላይ ክራር አይፈልጉም። ከዜናው በኋላ ደግሞ ይተኛሉ። እኔ ከሥራ የምገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ከዚያች አንድ ሰዓት የጠበበ ቦታ ያለ አልመሰለኝም።

«ለመሆኑ ይህ ነገር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ አንድ ቀን።

ለዚህ ጥያቄ ሳይንስ መልስ አለው፤ ለእማማ ግን አልነገርኳቸውም። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተሙ። ከተማሪዎቹ ምርጥ የተባሉት 20 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ያህል ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መጽሐፍ ይህችን ቁጥር አንሥቶ ሲያራግባት ዓለም «የ10,000 ሰዓት ሕግ» አላት። ኤሪክሰን «እኔ ሕግ አላወጣሁም፤ አማካይ ነው ያልኩት፤ ዋናው ደግሞ ሐሳብን ሰብስቦ፣ ስሕተትን እየለዩ መለማመድ ነው» የሚል ሙግት ቢያሰማም፣ ክብ ቁጥር አንዴ ከወጣ መልሶ አይገባም። እኔም ካልኩሌተር አወጣሁ። 10,000 ሰዓት በቀን 20 ደቂቃ ሲሰላ 30,000 ቀን ይሆናል። 82 ዓመት መሆኑ ነው። ዕድሜዬ ላይ ስደምረው፣ ክራር የምችለው ከሙት ዓመቴ ወዲያ በብዙ ርቀት ሆኖ አገኘሁት። እማማ 70ን አልፈዋል፤ ይህን ቢሰሙ ቤቱን ይሸጡት ነበር።

ከበርሊኑ ጥናት ይልቅ የጠቀመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ምርጦቹ ቫዮሊኒስቶች ከሌሎቹ ይበልጥ ቀን ቀን ሸለብ ያደርጉ ነበር። ይህን ክፍል ሳልሸራርፍ ተግብሬዋለሁ፤ እስካሁን ከተሻሻልኩባቸው ነገሮች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው።

ሌላዋ ቁጥር 66 ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ አንዱ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣትን፣ ሌላው ከራት በፊት መሮጥን ልማዱ ለማድረግ ይሞክራል። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ፣ የአንዳንዱ እስከ 254 ቀን የሚሄድ ሆነ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሁዳዴ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል በአፉ ያልዞረ ሕዝብ፣ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ያን ሁሉ ልማድ በአንድ ጣባ ክትፎ ይረሳዋል። አባቶች ጾሙን 66 ቀን አድርገውት ቢሆን ኖሮ ሥጋ ቤቶቻችን በሙሉ አትክልት ቤት ሆነው ነበር። ያተረፉን እነዚያ 11 ቀኖች ናቸው።

የሁዳዴ ነገር ከተነሣ፣ ያን ሰሞን እማማ በሬን አንኳኩ። «በጾም ክራር?» አሉኝ። «በገና ቢሆን እሺ፣ ይሰማል።» በገና ደግሞ አሥር ክር አለው፤ ስድስቱን ሳልችል አሥሩን እንዴት ልግባበት? ለመምህሬ ስነግረው «ድምፅ ሳታወጣ ተለማመድ» አለኝ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በግርፍ አጨዋወት ቀኝ እጅ ስድስቱንም ክር አንድ ላይ ይመታል፤ ሥራው ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። ስለዚህ ሁሉንም አፍኖ፣ ጣትን በየተራ ማንሣትና መመለስ ይቻላል። ያን ጾም በሙሉ ሁሉንም ክር አፍኜ ተቀመጥኩ። እማማ ከልምምዶቼ ሁሉ የወደዱት ይህንን ነው። ለፋሲካ «እንኳን አደረሰህ» ሊሉኝ ሲመጡ፣ «አሁንማ በጣም ተሻሽለሃል» አሉኝ።

እነዚያው የለንደን ተመራማሪዎች ያገኙት አንድ ደግ ነገር ደግሞ አለ፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያበላሸውም። ይህ ለእኛ አገር የተጻፈ ነው የሚመስለው። ብሎኩ ውስጥ ለቅሶ ካለ ክራር አይነካም። እንግዳ ከመጣ «ቆይ 20 ደቂቃ ልለማመድ» አይባልም፤ ተብሎም ከሆነ ያ እንግዳ ሁለተኛ አይመጣም። መብራት ሲጠፋ ግን ምክንያት የለኝም። ክራር በጨለማም ይሠራል፤ እንዲያውም ለእማማ ቴሌቪዥን ከሌለበት ማታ የእኔው ይሻላል፣ ምርጫ ስለሌላቸው።

ልምምድ ሲነሣ ቅዱስ ያሬድን የማይጠቅስ አባት የለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ፣ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ሲሳካላት አየ፤ ተመለሰ፤ የዜማ አባት ሆነ ይላል ትውፊቱ። ሰው ሁሉ የሚደነቀው በትሏ ጽናት ነው። እኔን የሚደንቀኝ ጸጥታዋ ነው። ስድስቴ ስትወድቅ ኡ አላለችም፣ ድምፅ አላስተካከለችም። ከሥሯ የነበረው ጎረቤት አንድ ነው፤ እሱም ተጠቀመ እንጂ አልተረበሸም። እሷ ቅጠሏን በላች፣ እሱ ድጓውን ደረሰ።

ከያሬድ በኋላ የመጡት ተማሪዎች የትሏን ያህል ዝምተኛ አልሆኑም። በቅኔ ቤት ያለውን ልምምድ ተመልከቱ። ተማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀን ላይ ጫካ ጥግ ወይም አጥር ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ወስዶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል። በማግስቱ ሌላ አዲስ። እንዲህ እያለ በየቀኑ ሲገነባ ቆይቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ከዚህ የተሻለ የዕለት ተዕለት ልምምድ የትም አገር ቢኬድ አይገኝም፤ ኤሪክሰን የቅኔ ማዕከሎቹን ዋሸራን ወይም ዋድላን ቢያይ ኖሮ በርሊን ምን ያደርግ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓመት በምን ተበላ? ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ባለቤቲቱ ውሻዋን እየገሠጸች ቁራሽ ታወጣለች። ነገም ይመጣል፣ ነገም ታወጣለች። ተማሪው ሊቅ ሆኖ ሲወጣ የመምህሩ ስም ይጠራል፣ የደብሩ ስም ይጠራል። ቁራሿን የሰጠችው ሴትዮ ከእንቁላሉ ተረት ዶሮ ጎን ተቀምጣለች። ውሻውም የተቻለውን አድርጓል።

አዝማሪዎች በዚህ በኩል ብልሆች ናቸው። በጎንደር ዙሪያ ባሉ የአዝማሪ ቤተሰቦች ልጅ ከአባቱ ሥር ሆኖ ነው ማሲንቆ የሚማረው፤ ጎረቤቱም ዘመድ፣ ዘመዱም አዝማሪ ነው፤ የሚከስ የለም። ብልሃት ያስፈልጋል ደግሞ። የማሲንቆ ክርም ሆነ የደጋኑ ገመድ የፈረስ ጭራ ነው፤ ጀማሪ እጅ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ፈረሱ ጭራውን ሊያስመልስ የመጣ ያስመስለዋል።

ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በወጣትነታቸው ካይሮ ሄደው ከመምህራቸው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ፣ በቀን 9 ሰዓት ያህል ቫዮሊንና ፒያኖ ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ዓለም የእሳቸውን ፒያኖ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እኔ የምጨነቀው ለካይሮ ጎረቤቶቻቸው ነው፤ 9 ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ መስኮት ተከፍቶ።

እንግዲህ ጎረቤቱ ቻለ እንበል። ጀማሪው ራሱ ደግሞ ከይሉኝታ ጋር ሌላ ጣጣ አለበት። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲሳሳት «ይማራል» ይባላል፤ ጎልማሳ ሲሳሳት «ምን ነካው?» ይባላል። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ዋና ሊማር ገንዳ ዳር ሲቆም ከመስጠም ይልቅ የሚፈራው ጸሐፊው እንዳታየው ነው። እኔም ክራሬን ይዤ ደረጃ ስወጣ ሰው ካጋጠመኝ «የወንድሜ ነው» የምልበት ጊዜ ነበር። ወንድም የለኝም።

ይሉኝታ ሲይዘኝ የማስበው ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው፤ ሮምን ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ መግባቱን፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ መድገሙን ሁሉም ያውቃል። እኔ የማስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሸሹት በኋላ፣ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ሄዶ፣ ቀስት አነሣ። ጠረጴዛ ቴኒስ ጀመረ። በሁለት እግሩ ዓለምን ያስከተለ ሰው፣ ቁጭ ብሎ፣ ከፊደሉ ጀመረ ማለት ነው። በ1970 ስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በሁለቱም ተሳተፈ። በ1971 ደግሞ በእንግድነት ኖርዌይ ተጠርቶ ሄዶ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ውሻ የቆሎ ተማሪን በሚያሳድድበት አገር ተወልዶ በውሻ ዋንጫ ማምጣት ይህ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ክራሬን በቦርሳው ሳይሆን በእጄ ይዤ ነው ደረጃ የምወጣው።

ታዲያ ተሻሻልኩ ወይ? የሚገርመው፣ መሻሻል ሲመጣ ባለቤቱ አያየውም። ማታ እምቢ ያለ ጣት፣ ተኝተህ ስትነሣ ሳትለምነው እሺ ይላል፤ ያን ቀን ግን ሌላ ጣት እምቢ ስላለ ደስታውን አታጣጥመውም። መሻሻሌን የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ እሳቸውም ሊነግሩኝ ብለው አይደለም። የመጀመሪያው ምልክት ቧንቧውን መጠየቅ ማቆማቸው ነበር። ከዚያ አንድ ማታ የትዝታን መግቢያ እየደጋገምኩ፣ ሁልጊዜ የምስተው ቦታ ደርሼ ስስተው፣ ከወለሉ ሥር ትክክለኛው ድምፅ መጣ። እማማ ናቸው፤ ሽንኩርት እየላጡ ወይም ቡና እየለቀሙ ይሆናል፣ አንጎራጎሩት። እኔ በስድስት ክርና በስልክ መቃኛ ያጣሁትን ድምፅ በባዶ ጉሮሯቸው አስቀመጡልኝ።

ሳስበው ተገቢ ነው። እኔ በየቀኑ 20 ደቂቃ ስለማመድ እሳቸውም በየቀኑ 20 ደቂቃ ሰምተዋል። እንዲያውም እኔ ግማሹን ጊዜ ሐሳቤ ጣቴ ላይ ነው፤ እሳቸው ግን ጆሮ ብቻ ነበሩ። ትሏ ስትለማመድ ያሬድ ነው የተማረው ያልነው እዚህም ሠራ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሁለተኛ መምህር አገኘሁ። ስስት ያንጎራጉራሉ። ሁለቴ ስስት በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን፣ ማለትም የእኔን ወለል፣ ሁለቴ ያንኳኳሉ። ሦስቴ ከሳትኩ ዜናውን ይከፍታሉ። ደረጃ ላይ ስንገናኝም ቋንቋቸው ተለወጠ፦ «ያቺ ሦስተኛዋ ክር ትናንት ላልታለች፣ አላስተዋልካትም?» እውነትም ላልታ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ትዝታን ከዳር እስከ ዳር ሳልስት ተጫወትኩ። ወለሉ አልተንኳኳም፣ ማንም አላንጎራጎረም። ጨርሼ ክራሩን ሳስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ በሣህን ቆሎ ይዘዋል፣ ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ቆሟል።

«ሬዲዮ ነበር የከፈትከው?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ ነኝ እማማ!»

«ተው እንጂ!» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያስ ጨርሰሃል ማለት ነው። እሰይ። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።» የልጁን ትከሻ ይዘው ወደፊት ገፋ አደረጉት። «ይኸውልህ፣ ትምህርት ቤቱ ማሲንቆ አስጀምረውታል። በየቀኑ ካልተለማመደ አይሆንም አሉ።»

«ጎበዝ!» አልኩት ልጁን። «በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ እማማ። ከዚያ በላይ እኮ ልጅ ይሰለቻል።»

«አንድ ሰዓት ብለውናል። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ አድርገነዋል፣ አንተ ሳትጀምር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጠዋት።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

«ያንተን ስድስት ክር ችዬ ኖሬ የለም እንዴ ልጄ?» አሉ ቆሎውን እጄ ላይ እያስቀመጡ። «የሱ እኮ አንድ ክር ናት፤ ምን ያህል ብትጮህ ነው?»